ምክንያቱ ያልተጻፈ ምክር

አንድ ድርጅት አዲስ የዶሜይን ቅጥያ ለማስተዳደር የበይነመረብ ስሞችን ለሚያስተባብረው ለአይካን ሲያመለክት መንግሥታት ድምፃቸውን የሚያሰሙባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንድ መንግሥት ብቻውን ስጋቱን ለአመልካቹ ያሳውቃል፣ ማመልከቻው ግን በዚህ ብቻ አይቆምም። ሁለተኛው የመንግሥታት አማካሪ ኮሚቴ ተስማምቶ ለአይካን ቦርድ የሚሰጠው ምክር ሲሆን፣ ይህ ማመልከቻን እስከማስጣል ይደርሳል። የማመልከቻ ክፍያው 185,000 ዶላር በነበረበት የ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) ዙር 1,930 ማመልከቻዎች ቀርበው፣ መንግሥታት 242 የቅድሚያ ማስጠንቀቂያዎችን ሰጥተዋል። ከዚያ ዙር የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ የመንግሥታት ምክር የሚጸናው ምክንያቱ በግልጽ ሲጻፍ እንጂ የተስማሙት አገሮች ስለበዙ ብቻ አይደለም።

ለዚህ ከዶት አፍሪካ (.africa) ቅጥያ የተሻለ ማስረጃ የለም። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን በትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ ለሚመራው ዶት ኮኔክት አፍሪካ በ2009 የድጋፍ ደብዳቤ ሰጥቶ ነበር፤ በ2010 ግን ድጋፉን አነሣ። በኋላም በውድድር የተመረጠውን የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ደገፈ። ኮሚቴው በሚያዝያ 2013 ቤጂንግ ላይ የዶት ኮኔክት አፍሪካ ማመልከቻ እንዳይቀጥል ሲመክር ምክንያቱን አላስቀመጠም፤ ቦርዱም ምክሩን ተቀበለ። በ2015 ጉዳዩን ያየው ገለልተኛ ፓነል ቦርዱ ምክሩን ሳይመረምር መቀበሉ የአይካንን መተዳደሪያ ደንብ የሚጻረር ሆኖ አገኘው። ማመልከቻው ወደ ግምገማ ተመለሰ፤ ሆኖም ከአህጉሩ መንግሥታት ቢያንስ የ60 በመቶውን ድጋፍ በሰነድ ማሳየት ስላልቻለ ወደቀ። ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላም ቅጥያው በየካቲት 2017 ኅብረቱ ለደገፈው ድርጅት ተሰጠ። ምክንያት አልባው ምክር ያላጸናውን ውጤት በሰነድ የሚረጋገጠው መስፈርት አጸናው፤ በመካከል ግን ዓመታት ባከኑ።

ዶት አማዞንም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። ብራዚልና ፔሩ በአማዞን ወንዝና በአካባቢው ሕዝቦች ስም ተቃውመው ኮሚቴው በ2013 ደርባን ላይ ማመልከቻው እንዳይቀጥል መከረ፤ በ2017 ውሳኔውን የሰጠው ገለልተኛ ፓነል ግን ቦርዱ ከምክሩ ጀርባ በማስረጃ የተደገፈ የሕዝብ ጥቅም መኖሩን በራሱ መርምሮ እንዲወስን ጠየቀ። ቅጥያው በመጨረሻ ለአመልካቹ ለአማዞን ኩባንያ ሆነ። የአማዞን አገሮች ያነሡት ስጋት ቀላል አልነበረም፤ ያጣው በምክሩ ውስጥ በሰነድና በማስረጃ የሚቆምበትን ቦታ ነው።

አንዳንድ ዲፕሎማቶች ብዙ አገሮች የሚስማሙት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምክንያት ስለሆነ አንድ ምክንያት ይጻፍ ማለት ስምምነቱን ማፍረስ ነው ይላሉ። ክርክሩ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ የተለያዩ ምክንያቶችን ጎን ለጎን ማስፈር የሚከለክል የለም፤ በጽሑፍ ሊቀመጥ የሚችል አንድም ምክንያት ከጠፋ ደግሞ ምክሩ ገና አልበሰለም። በተቃራኒው ወገን ያሉት ደግሞ፣ መንግሥታት ከናካቴው እጃቸውን ይሰብስቡ ይላሉ። የአህጉር ስም ግን ክፍያ ለቻለ ሁሉ የሚተው ሸቀጥ አይደለም፤ የሚጠየቀው የመንግሥታት ዝምታ ሳይሆን አመልካቹ አንብቦ መልስ ሊሰጥበት የሚችል ቃል ነው።

በ2016 የተሻሻለው የአይካን መተዳደሪያ ደንብ ይህን ትምህርት ተቀብሏል። ምክር ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲቀርብ ያዛል፤ ያለ መደበኛ ተቃውሞ የጸደቀ የጋራ ምክርን ቦርዱ ውድቅ ለማድረግም ቢያንስ የ60 በመቶ ድምፅ ያስፈልገዋል። ይህን ያህል ኃይል የተሰጠው ወገን ሥራውን ለስብሰባው የመጨረሻ ሌሊት መተው አይገባውም። በአዲሱ የ2026 ዙር የአፍሪካ መንግሥታት ተወካዮች፣ የእኛዎቹንም ጨምሮ፣ ማመልከቻዎቹ ይፋ በሆኑበት ዕለት ማንበብ ይጀምሩ። የትኛው ስም የማንን ጥቅም፣ እንዴት እንደሚነካና ምን ቢስተካከል ስጋቱ እንደሚወገድ ጽፈው ይምጡ። ስማችንን በሕግ ፊት የሚያስጠብቅልን ይህ ዝግጅት ነው።