ደንጊ፡ ጦርነት ባደቀቃት ካርቱም የተስፋፋው ትንኝ ወለድ በሽታ ምንድን ነው?

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙባት ካርቱም፣ ትኩሳት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው። በ2018 ዓ.ም. መባቻ ግን የከተማዋን ጤና ተቋማት ያጨናነቀው ሌላም ትንኝ ወለድ በሽታ ነበር፤ ደንጊ።

ደንጊ በምሥራቃዊ ሱዳን፣ በፖርት ሱዳንና በከሰላ፣ ለዓመታት ሲከሰት ቆይቷል። ለዋና ከተማዋ ግን በአንጻራዊነት አዲስ ስጋት ነው።

ጦርነቱ ምን አስተዋጽኦ አደረገ?

በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት የተቀሰቀሰው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው። ጦሩ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ማዕከላዊ ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ተፈናቃዮች መመለስ ጀመሩ። የጠበቃቸው ግን በርካታ ሆስፒታሎቿ ከአገልግሎት ውጭ የሆኑባት ከተማ ነበረች።

የድሮን ጥቃቶች የኤሌክትሪክ መሠረተ ልማትን ሲመቱ የውሃ ፓምፖችም ይቆማሉ። ነዋሪው ውሃ በበርሜልና 'ዚር' በሚባለው የሸክላ ጋን ለማጠራቀም ይገደዳል። ቫይረሱን የምታስተላልፈው 'ኤዲስ ኤጂፕቲ' የተሰኘችው ትንኝ ደግሞ የምትራባው በእንዲህ ያለ የረጋ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው።

ከወባ በምን ይለያል?

ትንኟ በዋናነት የምትናከሰው ቀን ላይ በመሆኑ፣ የሌሊት አጎበር ብቻውን በቂ መከላከያ አይሆንም። በሽታው ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትና ሽፍታ ያስከትላል። ምልክቶቹ ከወባ ጋር ስለሚመሳሰሉ ለመለየት የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሕክምናው በቂ ፈሳሽ መውሰድና ሕመሙን በፓራሲታሞል ማስታገስ ነው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የመድማት አደጋን ስለሚጨምሩ አይመከሩም።

አብዛኞቹ ሕሙማን ያገግማሉ። ይሁንና ትኩሳቱ መብረዱ ብቻውን የመዳን ምልክት አይደለም። ከዚያ በኋላ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከታየ ታማሚው በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። ቫይረሱ አራት ዓይነት በመሆኑ በአንዱ ተይዞ የዳነ ሰው በሌላው ሊያዝ ይችላል፤ ሁለተኛው ሕመምም ሊከፋ ይችላል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የውሃ ማጠራቀሚያዎችን አጥብቆ መክደን፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ መድፋትና ውስጣቸውን ፈትጎ ማጠብ ያስፈልጋል። ከዕቃው ግድግዳ የተጣበቀው የትንኟ እንቁላል በደረቅ ሁኔታ ለወራት ስለሚቆይ፣ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም።

ጉዳዩ የሱዳን ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደንጊ ወረርሽኝ ተከስቷል፤ በአፋርም በሽታው ታይቷል። የቧንቧ ውሃ በሚቆራረጥባቸው ሞቃታማ ከተሞች ሁሉ፣ ክዳን የሌለው በርሜል ለትንኟ ምቹ መራቢያ ነው።