ዙፋን አደራ ነው

ሥልጣን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ማየት ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሹመት ከማን እንደሚሰጥና ስለ ምን እንደሚወሰድ በየቤታችን ለልጆቻችን ያስረዳን ስንቶቻችን ነን?

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው፥ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ሲመላለስ ከተማይቱን በገዛ ኃይሉ እንደ ሠራት በመናገሩ መንግሥቱ ተወሰደበት፤ ከሰውም ተለይቶ እንደ በሬ ሣር በላ። ልብ እንበል፤ ነቢዩ ለድሆች እንዲራራ አስቀድሞ መክሮት ነበር፤ እግዚአብሔርም 12 ወር ታግሦታል። አእምሮው የተመለሰለት ዓይኑን ወደ ሰማይ ባነሣ ጊዜ ነው።

ከራሳችን ታሪክ እንመልከት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በታላቅ ክብር ዘውድ ደፉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ከዙፋናቸው ወርደው በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ። ኋላ የደርግ ሊቀ መንበር የሆኑት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሀገር ጥለው ወጡ። የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ።

በ1983 ዓ.ም. እኛ ተማሪዎች ነበርን። ከክፍላችን ግድግዳ የመሪው ሥዕል ሲወርድ አይተን ሳቅን፤ የተሰቀለበት ምስማር ግን በቦታው ቀረ። ዛሬ ያ ሳቅ ያሳፍረናል፤ ጥቂት ቀደም ብሎ በሰልፍ ቆመን ስናወድስ ነበርና።

አንዳንዶች፥ «እግዚአብሔር ከሾመው ዘንድ የሠራው ሁሉ ትክክል ነው» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። አክዓብ ንጉሥ ሳለ የናቡቴን የወይን ቦታ በግፍ በወሰደ ጊዜ ኤልያስ ፊት ለፊት ገሥጾታል። ሹመት አደራ እንጂ የግፍ ፈቃድ አይደለም፤ አደራም ሒሳብ አለው።

ይህም ሒሳብ በቤተ መንግሥት ብቻ አይቀርም። አባት በልጁ ላይ፥ እመቤት በሠራተኛዋ ላይ፥ እኛም መምህራን በተማሪው ላይ ትንሽ ዙፋን አለን። እንግዲህ ለተሾመው እንጸልይ እንጂ አናምልከው፤ በወደቀውም አንሳቅ። ልጆቻችንንም ይህን እናስተምር፤ አስቀድመን ግን በገዛ ቤታችን የተሰጠንን ሥልጣን በርኅራኄ እንያዝ።