አጥቁረን አለፍን፤ ጻፉ ቢሉን ወደቅን

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በወረቀት የወሰደ ሰው ሁሉ እርሳሱንና ላጲሱን ሳያስታውስ አይቀርም። ጥያቄው ይነበባል፤ ከተዘረዘሩት መልሶች አንዱ ይመረጣል፤ ከዚያም ትንሿ ክብ በጥንቃቄ ትጠቁራለች። እኔም እንደ ጓደኞቼ ሁሉ እንዲሁ አጥቁሬ፣ በእንግሊዝኛውም ደኅና ውጤት አግኝቼ፣ በ2012 ዓ.ም. ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንዱ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በገባሁ በሁለተኛው ወር አስተማሪያችን ባዶ ወረቀት አድለው «ስለምታውቁት ከተማ አንድ ገጽ ጻፉ» ባሉን ጊዜ ግን፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ውስጥ አንድም ቀን በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ ገጽ በራሴ ቃል ጽፌ እንደማላውቅ ተረዳሁ።

የማውቀው ከተማ አዳማ ነው። ተወልጄ ያደግሁበት፣ መናኸሪያውንም ባጃጁንም፣ ከቀትር በኋላ የሚነሣውን አቧራም የማውቀው ነው። ይሁን እንጂ ወረቀቱ ላይ ያሰፈርሁት «አዳማ በጣም ቆንጆ ከተማ ናት፤ የአየር ጠባይዋም ተስማሚ ነው» የሚለውን ነበር። ይህንኑ አሳብ በሦስት ልዩ ልዩ አነጋገር ደጋግሜ ገጹን ሞላሁት። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ከሃያ ሦስት አግኝቻለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው የአርሲ ነገሌ ልጅ አራት አገኘና ቀኑን ሙሉ ሲኮራብኝ ዋለ።

ያ ዓመት ለብዙ ዘመን ተቋርጦ የነበረው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች እንደገና የተጀመረበት ዓመት ነው። ተማሪው ሁሉ፣ መሐንዲስም ሊሆን ሐኪምም ሊሆን ያሰበው፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት እንዲወስድ ተደረገ። በመጋቢት ወር ግን የኮሮና በሽታ መጣና ሁላችንም ወደየቤታችን ተበተንን። በ2013 ዓ.ም. ስንመለስ ጊዜው አልቆ ስለ ነበር፣ በአራት ወር የምንማረው የጽሕፈት ትምህርት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታጭቆ ተሰጠን። በጊዜው በጣም አማርረናል። ዛሬ ግን አስተማሪ ሆኜ ሳስበው፣ ያ ጥድፊያ ጠቅሞኛል እላለሁ፤ ምክንያቱም በየቀኑ እንጽፍ ነበር። ማታ አንድ አንቀጽ እንጽፋለን፤ ጧት እናስረክባለን፤ በማግሥቱ ታርሞ ይመለሳል፤ የተመለሰውን እንደገና እንጽፋለን።

የእርማቱም ዓይነት የተለየ ነበር። አስተማሪያችን ስሕተቱን አያቀኑልንም፤ ከሥሩ ያሰምሩበትና በኅዳጉ ላይ ምልክት ብቻ ያስቀምጣሉ። አንዱ ምልክት «የጊዜ ስሕተት»፣ ሌላው «ባለቤቱና ግሡ አልተስማሙም»፣ ሌላው ደግሞ «ይህ ምን ማለት ነው?» ማለት ነው። ጥፋቱን ፈልጎ የሚያገኘው ጸሐፊው ራሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ሰባት ምልክት ከአንድ አንቀጽ አይጠፋም ነበር። ከአራት መልሶች ትክክለኛውን መርጦ ማጥቆር አንድ ችሎታ ነው፤ ትክክለኛውን ዐረፍተ ነገር ከምንም ተነሥቶ መሥራት ግን ሌላ ችሎታ ነው። አንደኛው ሁለተኛውን አያስተምርም። እኔ የሰዋስው ሕጉን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር፤ በራሴ ዐረፍተ ነገር ላይ ሲጣስ ግን አላየውም ነበር።

ስለ ስሕተቶቹ ትንሽ ላጫውታችሁ፤ የእናንተም ይሆናሉና። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ የሚያድግ ልጅ ብዙ ጊዜ የሦስት ቋንቋ ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ገበያ ላይ አማርኛ፣ መጽሐፉ ላይ እንግሊዝኛ ያገኛል፤ ወይም የፊተኞቹ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ኦሮምኛና አማርኛ ቃላቸው የተለያየ ቢሆንም በዐረፍተ ነገር አሠራር ግን አንድ መንገድ ይሄዳሉ። በአማርኛ «ጫልቱ ቡና ገዛች» ይባላል፤ በኦሮምኛም «ጫልቱን ቡነ ቢቴ» ይባላል፤ በሁለቱም ግሡ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እንግሊዝኛው ግን «ጫልቱ ቦውት ኮፊ» ብሎ ግሡን ከባለቤቱ አጠገብ ያቆመዋል። አጭር ሲሆን ይህን የሚስት የለም። «ትናንት ከመቂ የመጣው ሰውዬ» ለማለት ሲፈለግ ግን ችግሩ ይመጣል። በአማርኛ ገላጩን ሁሉ አስቀድመን ሰውዬውን በመጨረሻ እናመጣዋለን፤ እንግሊዝ ግን ሰውዬውን አስቀድሞ መምጣቱን ኋላ ይነግረናል።

ሌላም አለ። «ምንም እንኳ ቢዘንብም ነገር ግን ሄድሁ» ማለት በአማርኛ የተለመደ ነው። ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ስንወስድ «ኦልዞ» ብለን ጀምረን መካከል ላይ «በት» እንጨምራለን፤ እንግሊዝኛው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበል። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» እንላለንና «ዲስከስ» ከሚለው ግሥ በኋላ «አባውት» እንደነቅራለን። «እስማማለሁ» ለማለት «አይ አም አግሪ» ብሎ ያልጻፈ ካለ እጁን ያውጣ። በፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለ፣ በአማርኛ የተማረው ልጅ የዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ትልቁን ፊደል ይረሳል። በቁቤ የተማረው ይህን አይረሳም፤ ነገር ግን በቁቤ ፊደሉ እንደ ተሰማው ድምፅ ስለሚጻፍ፣ የማይነበቡ ፊደሎች የሞሉበት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያናድደዋል። እውነቱን ለመናገር ቢናደድም አይፈረድበትም።

ይህን ስዘረዝር አንዳንድ ሰዎች «እንግዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው ያሰናከለን» ይሉ ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። የራሱን ቋንቋ አሠራር ለይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ሌላው ቋንቋ የት ላይ እንደሚለይ ቶሎ ይገባዋል። ሰዋስው የሚለው ቃል በግዕዝ መሰላል ማለት ነው፤ የቀድሞ ሰዎች ስሙን ያወጡት አስበው ነው። እነ ብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ባዘጋጁት የአማርኛ ሰዋስው ያደጉ ሽማግሌዎች «ባለቤት»፣ «ተሳቢ»፣ «ማሰሪያ አንቀጽ»፣ «ቦዝ አንቀጽ» የሚሉትን ቃላት እንደ ዘመድ ስም ያውቋቸዋል። የእኛ ዘመን ተማሪ ግን የእንግሊዝኛውን ስም ብቻ ሸምድዶ የአማርኛውን አያውቅም። ማሰሪያ አንቀጽ የተባለበትን ምክንያት አስቡት፤ እርሱ እስኪመጣ ድረስ ንግግሩ ሁሉ ያልታሰረ ነዶ ነው።

በየቀኑ ጽፎ፣ በየቀኑ መታረምም ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ ግሥ ያጠናል፤ ከዚያም በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቀናሉ፤ የተበላሸውን ተመልሶ ይቆጥራል። በቅኔ ቤት ማንም ከአራት ቅኔ አንዱን መርጦ አጥቁሮ አያውቅም። አንድ ልጅ ቅኔ አወቀ የሚባለው ራሱ ሲቆጥር ነው። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ሲከፈት ከገቡት ተማሪዎች መካከል የቄስ ትምህርት የቀመሱ ስለ ነበሩ፣ እንግሊዝኛው ቢከብዳቸውም ተጽፎ መታረሙ እንግዳ አልሆነባቸውም ብዬ እገምታለሁ።

ነገሩ የተማሪ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላስረዘምሁ። ታላቅ እኅቴ ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንዱ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ ናት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አንዲት የደብዳቤ ግልባጭ አሳየችኝ። ደብዳቤዋ «በቀን ይህን ያህል በተጻፈ ማመልከቻ የጠየቁት ጉዳይ በሚመለከተው የሥራ ክፍል ታይቶና ተጣርቶ፣ አስፈላጊው ማስረጃ ተሟልቶ ሲቀርብ፣ በአሠራሩ መሠረት ተገቢው መስተንግዶ የሚደረግልዎ መሆኑን እየገለጽን» እያለች ትቀጥላለች። ደብዳቤው የደረሳቸው አንድ ገበሬ ነበሩ። ሥራ ፈትተው፣ የመኪና ከፍለው መጡና «አስፈላጊው ማስረጃ የተባለው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። መታወቂያና የግብር ደረሰኝ ነው ተባሉ። ያን ለማምጣት ተመልሰው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ሲመጡ እኅቴን «ልጄ፣ ይህን መጀመሪያ ብትጽፊልኝ ምን ነበረበት?» አሏት።

«ከድሮው ፋይል ገልብጬ እኮ ነው የጻፍሁት» አለችኝ፤ ዐይኗ እንባ አቅርሮ። አምናታለሁ። እርሷም የቀደማት ሰው የገለበጠውን ነው የገለበጠችው። ያቺን ደብዳቤ ይዘን ሁለታችንም ተቀመጥንና ቦዝ አንቀጾቹን ቆጠርናቸው። ታይቶ፣ ተጣርቶ፣ ተሟልቶ፤ ሁሉም ማሰሪያውን የሚጠብቁ ናቸው። ማሰሪያው ሲመጣም የሚያስረው ነገር የለውም። ጥፋቱ የአማርኛ አይደለም፤ አማርኛ በሦስት ቃል ሰው ማዘዝ የሚችል ቋንቋ ነው። የጎደለው በጽሕፈት ትምህርት ኀይለ ቃል የምንለው፣ የአንቀጹን ዋና ጉዳይ የሚሸከም አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ የጠቀመኝ ግን ለአማርኛም ነው። እኅቴ ደብዳቤውን «ይዘው የሚመጡት ሁለት ነገር ነው፤ መታወቂያዎና የዘንድሮ የግብር ደረሰኝ» ብላ በሚጀምር አራት መሥመር ጻፈችው። አለቃዋ መጀመሪያ «ይህ ደብዳቤ አይመስልም» ብለው ነበር፤ ኋላ ግን ፈረሙበት።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ። ከወደቁት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱ ተደረገ፤ እንግሊዝኛም በውስጡ ነበረበት። በዚያ ዓመት ስለ ወደቁት ብዙ ተጽፏል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ያለፉትም ጭምር ናቸው፤ እነርሱም ያለፉት እያጠቆሩ ነውና።

አሁን አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ክፍሌ ስድሳ ልጆች አሉት። ስድሳ ደብተር በየቀኑ ማረም አይቻልም፤ የሞከርሁ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ታመምሁ። ስለዚህ ልጆቹን ሦስት ሦስት አድርጌ፣ አንዱ የጻፈውን ጮክ ብሎ ለሁለቱ እንዲያነብ አደረግሁ። ዐይን የሚያልፈውን ጆሮ ይይዘዋል። በየቀኑ እኔ የማርመው አሥር ደብተር ብቻ ነው፤ በስድስት የትምህርት ቀን አንድ ዙር ይሞላል። ከዕቃ ግምጃ ቤት የተገኘ አሮጌ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም በየተራ ይዞራል፤ ሽፋኑ የለም፣ ከ«ኤ»ም ገጾች ጥቂቶቹ ጠፍተዋል።

ከወንጂ በሚኒባስ የምትመላለስ አንዲት ልጅ አለች። የመጀመሪያ ጽሑፏ እኔ በ2012 ዓ.ም. ከጻፍሁት ምንም አይለይም፤ ወንጂ በጣም ቆንጆ ከተማ ናት፣ የአየር ጠባይዋም ተስማሚ ነው። «ጧት ከቤትሽ ስትወጪ መጀመሪያ የምታዪው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና «ጥቀርሻ» አለችኝ። ሸንኮራው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ሲቃጠል ጥቁሩ አመድ በነፋስ ተነሥቶ ከተማው ላይ ይወርዳል፤ እናቷ ያሰጡትን ልብስ ይዘው ወደ ቤት የሚሮጡት ያን ጊዜ ነው። «ይህ ይጻፋል እንዴ፣ ቲቸር?» አለችኝ። ይጻፋል አልኋት።

በማግሥቱ አምስት ዐረፍተ ነገር ይዛ መጣች። ሁለቱ ግሥ የላቸውም፤ አንዱ ሁለት ባለቤት አለው፤ «ማይ ማዘር ሺ» ይላል። ከሥራቸው አሰመርሁና መለስሁላት። ሦስተኛውን ዙር ስታመጣ የቀረው አንድ መሥመር ብቻ ነበር፤ «ማይ ማዘር ራን» ከሚለው ቀጥሎ በየዓመቱ የሚሆነውን ስትናገር ግሡ ላይ የምትጨመረዋ «ኤስ» የለችም። ምልክቱን አድርጌ ምን እንደ ጎደለ ሳልነግራት ሰጠኋት። ከኋላ ወንበር ሄዳ ተቀመጠች፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ እየወጡ ሳለ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አገኘኋት» አለች።