ዳፍንት የያዛቸው ልጆች የት ሄዱ?

ዶሮ ቀኑን ሙሉ ስትጭርና ስትለቅም ውላ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቆጧን ትፈልጋለች። በድንግዝግዝ ዓይኗ እምብዛም አይረዳትምና። ኢንዶኔዥያውያን ሲመሽ ማየት የሚሳነውን ሰው ሕመም «ቡታ አያም» የሚሉት ለዚህ ነው፤ «የዶሮ ዕውርነት» እንደማለት። እኛ ደግሞ ዳፍንት እንለዋለን።

ዳፍንት የያዘው ሕፃን ቀን ከእኩዮቹ ጋር ሲሯሯጥ ይውላል። አመሻሽ ላይ ግን ጥግ ይይዛል። ና ሲሉት አይመጣም፤ ከመጣም ዱካው ይጠልፈዋል፤ የቀረበለትን ምግብ በእጁ እየዳበሰ ይፈልጋል። ይህን ለማወቅ እናቱ ሐኪም አያስፈልጋትም። በነጋታው ልጁ እንደገና ሲቦርቅ ስለሚውል ግን ነገሩ ቀላል ሊመስላት ይችላል። ለሐኪሞችም ቢሆን ለብዙ ዘመን ቀላል ሕመም ነበር።

በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አልፍሬድ ሶመር ወደ ኢንዶኔዥያ ሲሄዱ የያዙት ጥያቄ ስለ ዓይን ብቻ ነበር። የቫይታሚን ኤ እጥረት የስንት ሕፃናትን ዓይን ያጠፋል? በምን በምን ደረጃ? መልሱን ይዘው መመለስ ነበረባቸው። ይዘውት የተመለሱት ግን ሌላ ሆነ።

ሰውየው ዓይን ከማከማቸው በፊት ወረርሽኝ የሚያሳድዱ ሐኪም ነበሩ። በ1942 ኒውዮርክ ተወልደው፣ ሃርቫርድ ሕክምና ተምረው፣ በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በኩል ዳካ ወደነበረው የኮሌራ ምርምር ላቦራቶሪ ተላኩ። ዳካ ያኔ የምሥራቅ ፓኪስታን ከተማ ናት። ብዙም ሳይቆዩ፣ በኅዳር 1970፣ ከባሕር የተነሣ አውሎ ነፋስ የጋንጅስን ደልታ ጠራርጎ ሄደ። ሶመርና ባልደረባቸው ሄንሪ ሞዝሊ ከአደጋው የተረፉትን ቤት ለቤት እየጠየቁ የሞተውን ሰው ቆጠሩ፤ በጥቂቱ 224,000 ሆኖ አገኙት። ከዚያ ምሥራቅ ፓኪስታንን ባንግላዴሽ ያደረገው ጦርነት፣ ከጦርነቱ ማግስት ደግሞ ፈንጣጣው መጣ።

ዳካ ያስተማራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ቆጥሮ መተው እንደማይበቃ፣ ከወራት በኋላ ተመልሶ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ። በናይጄሪያው የቢያፍራ ጦርነት ጊዜ ኩዌከሮች የሚባሉ የረድኤት ሠራተኞች የሕፃናትን ክንድ ውፍረት ከቁመታቸው ጋር በእንጨት ዘንግ እየለኩ የተጎዳውን ካልተጎዳው ይለዩ ነበር። ሶመር በባንግላዴሽ በዚሁ መንገድ የተለኩ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ዕጣ ከ18 ወር በኋላ ፈተሹ። ክንዳቸው የቀጠነው ከሌሎቹ ይበልጥ ሞተው ተገኙ። ዛሬ በየጤና ኬላው የሕፃናት ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ባለቀለም መለኪያ የዚህ አስተሳሰብ የሥጋ ዘመድ ነው።

ወደ ኢንዶኔዥያ እንመለስ። ሶመርና ኢንዶኔዥያውያን ባልደረቦቻቸው በምዕራብ ጃቫ ስድስት መንደሮች መረጡ። በየሦስት ወሩ በአማካይ 3,481 ሕፃናትን ለ18 ወራት እየተመላለሱ መረመሩ። የዓይናቸው ነጭ ክፍል ላይ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነጠብጣብ መኖሩን በባትሪ ያያሉ፤ በፈረንሳዊው ሐኪም ስም የቢቶ ነጠብጣብ ይባላል። እናቶችን ደግሞ ልጁ ቡታ አያም እንዳለበት ይጠይቃሉ። ውጤቱ የሚያስገርም ነበር። በአገሬው ቃል የተጠየቀችው እናት የሰጠችው መልስ ከደም ምርመራ ውጤት ጋር በደንብ ይገጥም ነበር። ሶመር የእናቶች ቃል አስተማማኝ የመለያ ዘዴ መሆኑን በ1980 ጽፈው አሳተሙት። ለዚህ ሕመም የራሱ ስም ያለው ቋንቋ ግማሹን ምርመራ ጨርሷል ማለት ነው፤ አማርኛም ከእነዚህ አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ቫይታሚን ኤ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማየት ይገባል። ዓይናችን ውስጥ ያለው ሬቲና በጭላንጭል ብርሃን እንዲያይ የሚያደርገው ሮዶፕሲን የሚባል ቀለም አለ። ይህ ቀለም ያለ ቫይታሚን ኤ አይሠራም። ክምችቱ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠፋው የማታ ዕይታ ነው፤ ዳፍንት የሚባለው ይኸው ነው። ቫይታሚኑ ግን ሌላም ሥራ አለው። ጉሮሮን፣ ሳንባን፣ አንጀትንና የሽንት ቧንቧን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስና እርጥብ ሽፋን እንደረጠበ የሚቆየው በእሱ ነው። ሲጎድል ያ እርጥብ ሽፋን እየደረቀና እየጠጠረ እንደ ቆዳ ይሆናል። ዓይን ላይ ሲደርስ ብሌኑ ይደርቅና ተበስቶ ይፈሳል። ዓይኑን ከውጭ ስለምናየው እናውቀዋለን፤ ሳንባው ውስጥ የደረቀውን ማን ያየዋል? የሳንባ ምችና የተቅማጥ ጀርሞች ግን በሩ ክፍት እንደሆነ ወዲያው ይደርሱበታል። ሰውነት በሽታን የሚከላከልባቸው ሕዋሳትም ያለዚህ ቫይታሚን ይዳከማሉ።

ሶመር ያኔ ይህን ሁሉ እያሰቡ አልነበረም። በ1982 መጨረሻ ላይ፣ ወደ አሜሪካ ተመልሰው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እየሠሩ ሳለ፣ የጃቫውን የኮምፒዩተር ወረቀት ዘርግተው የትኛው ልጅ ከዳፍንት ወደ ብሌን መፍሰስ እንደደረሰ ይከታተሉ ነበር። ቁጥሩ አልገጥም አላቸው። በአንዱ ዙር ዳፍንት አለባቸው ተብለው የተመዘገቡ ልጆች በሚቀጥለው ዙር መዝገቡ ላይ የሉም። ጥናት ላይ ሰው መቅረቱ የተለመደ ነው፤ ቤተሰብ ይሄዳል፣ ልጅ ገበያ ይወሰዳል። ብዙ ተመራማሪ የቀረውን ቀንሶ በቀረበው ይሠራል። እሳቸው ግን የቀሩትን ተከተሉ። ልጆቹ ሞተው ነበር።

በ1983 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ ቀላል የሚባለው የዓይን ምልክት፣ ማለትም ዳፍንት ወይም የቢቶ ነጠብጣብ፣ የታየባቸው ልጆች የሞቱት ምልክቱ ካልታየባቸው በአማካይ በአራት እጥፍ ነው፤ በአንዳንድ የዕድሜ ክልል ደግሞ እስከ 12 እጥፍ ይደርሳል። ዓይናቸው ሳይጠፋ ልጆቹ ጠፉ።

እንዲህ ያለ ነገር የጻፈ ሰው ስልኩ ሲጮህ ይውላል ብሎ ይጠብቃል። ሶመርን የጠበቃቸው ግን ዝምታ ነበር። ቫይታሚኑ ሞትን ይቀንስ እንደሆነ የተሞከረው በሱማትራ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአቼ ነው። 450 መንደሮች በዕጣ ተከፈሉ፤ በ229ኙ ከአንድ ዓመት በላይ የሆናቸው ልጆች በየስድስት ወሩ አንድ አንድ የቫይታሚን ኤ እንክብል ወሰዱ፤ የቀሩት 221 መንደሮች አንድ ዓመት ጠበቁ። እንክብሉን የሰጡት የመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዓመቱ ሲያልቅ እንክብል ባልደረሰባቸው መንደሮች ከ1,000 ልጅ 7.3፣ በደረሰባቸው 4.9 ሞተዋል። ልዩነቱ ሲሶ ነው።

ያን ጊዜ ዝምታው ተሰበረና ጠብ ሆነ። ሁለት ጠብታ ዘይት፣ ዋጋውም ጥቂት ሳንቲም፣ ሲሶውን ሞት ያስቀራል ማለት ለብዙ ሊቃውንት የጠንቋይ ቤት ወሬ ይመስል ነበር። የሥነ ምግብ ሰዎች «የዓይን ሐኪም ስለ ሞት ምን አገባው?» የሚል ስሜት ነበራቸው። አንዳንዱ ተቃውሞ ግን ፍትሐዊ ነበር፤ በአቼ ለማነጻጸሪያዎቹ መንደሮች የማስመሰያ እንክብል አልተሰጠምና ቆጣሪዎቹ ሳያውቁት አዳልተው ሊሆን ይችላል። ለዚህ መልሱ ሙከራውን ሌላ ቦታ መድገም ነው። ተደገመም። በደቡብ ሕንድ አካባቢ ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የሶመር ባልደረባ ኪት ዌስት በኔፓል 30 በመቶ ቅናሽ አገኙ። ጋና 19 በመቶ አገኘች። ሱዳን ውስጥ የተደረገው ሙከራ ግን ምንም ለውጥ አላሳየም። ሁሉም በ1993 በአንድ ላይ ሲደመር ቅናሹ 23 በመቶ ሆነ።

ከሁሉ ይበልጥ ተጠራጣሪውን አፍ ያስያዘው የኩፍኝ ነገር ነው። ኩፍኝ የሚያጠቃው ቫይታሚን ኤ የሚጠብቀውን ያንኑ እርጥብ ሽፋን ሲሆን፣ በሰውነት የተከማቸውን ቫይታሚንም ያሟጥጣል። በኬፕታውን ሐኪሞች በከባድ ኩፍኝ ሆስፒታል የገቡ 189 ሕፃናትን ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ ቫይታሚን ኤ፣ ለግማሾቹ ማስመሰያ ሰጡ። 12 ሕፃናት ሞቱ፤ አሥሩ ማስመሰያ የወሰዱት ናቸው። ጽሑፉ በ1990 ወጣ።

አንባቢን ሊያናድድ የሚገባው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። ይህ ሙከራ ከኬፕታውኑ 58 ዓመት ቀደም ብሎ ለንደን ውስጥ ተደርጎ ነበር። ጆሴፍ ኤሊሰን የተባለ ሐኪም በ1932 ኩፍኝ ከያዛቸው 600 ሕፃናት ለ300ዎቹ ቫይታሚን ኤ ሰጥቶ ነበር። ቫይታሚኑን ከወሰዱት 11፣ ካልወሰዱት 26 ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ ጀርም ገዳይ መድኃኒቶች ገበያ ሲወጡ ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ የኤሊሰን ወረቀት መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ። ጉበት ለዳፍንት እንደሚበጅማ የጥንት ግብፃውያን በፓፒረስ ጽፈውት አልፈዋል።

ሶመር ሌላም የተጠላ እውነት ነበራቸው። ዓይኑ ለደረቀ ሕፃን የሚታዘዘው ቫይታሚን በመርፌ የሚሰጥ፣ በገጠር ክሊኒክ ግን የማይገኝ ዓይነት ነበር። በጃቫ አወዳድረው በአፍ የሚሰጠው እንክብል ከመርፌው እንደማያንስ አሳዩ። መርፌና ነርስ ከነገሩ ሲወጡ ሥራው የመንደር ሥራ ሆነ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ከ2004 ጀምሮ በተስፋፋው የዘመቻ አገልግሎትና በኋላም በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በኩል ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ እንክብሉን ያገኛሉ። ሰማያዊው ዓመት ላልሞላቸው፣ በመጠን እጥፍ የሆነው ቀዩ ከዚያ ለሚበልጡት ነው። ባለሙያዋ ልጁን እናቱ ጭን ላይ ታስይዝና የእንክብሉን ጫፍ በመቀስ ቆርጣ ዘይቱን አፉ ውስጥ ትጨምቃለች። ልጁ ፊቱን ያጨማድዳል፤ አለቀ። ስድስት ወር የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። ጉበት ይህን ቫይታሚን አጠራቅሞ ከአራት እስከ ስድስት ወር ቀስ እያለ ያወጣዋል።

ሶመር ከ1990 እስከ 2005 የጆንስ ሆፕኪንስን የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት በዲንነት መሩ፤ በ1997 የላስከር ሽልማት ተሰጣቸው። ክርክሩ ግን አልበረደም። በ2013 ሰሜን ሕንድ ውስጥ በአንድ ሚሊዮን ሕፃናት ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት ሲወጣ የሞት ቅናሹ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ተቺዎች «አልንላችሁም?» አሉ። ደጋፊዎች እንክብሉ በእርግጥ ለስንቱ ልጅ እንደደረሰ ጠየቁ። ጥናቶቹ እንደገና ሲደመሩ የቅናሹ ግምት ወደ 12 በመቶ ወረደ። የኩፍኝ ክትባት በተስፋፋበትና የሕፃናት ሞት በቀነሰበት ዓለም እንክብሉ የሚያድነው ልጅ ቁጥር ማነሱ አያስገርምም፤ ጥያቄው የት አገር፣ በየትኛው ወረዳ መቆም ይችላል የሚለው ነው። ያን ለመወሰን ደም ቀድቶ፣ ከብርሃን ከልሎ፣ አቀዝቅዞ ላቦራቶሪ ማድረስ ያስፈልጋል። ይህ በማይቻልበት ቦታ ጠያቂው መዝገቡን ይዞ ደጃፍ ላይ ይቆምና እናቲቱን ልጅዋ ዳፍንት እንዳለበት ይጠይቃታል።