በዕድሜ ለገፉ ነጂዎች የሚስማማ አዲስ መኪና ስለ መምረጥ

የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባች ጊዜ ባለቤቷ ዳግማዊ ምኒልክ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ነበረ። ስለዚህ በአገራችን አውቶሞቢልና አዛውንት የተዋወቁት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ የሚነዳላቸው ሰው ነበራቸው። ዛሬ በጥርባ፣ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የሚኖር ጡረተኛ መኪና ቢገዛ መሪውን የሚይዘው ራሱ ነው። ዋጋው ከአቅሙ ያልራቀ፣ ለሰውነቱም የሚስማማ አዲስ መኪና እንዴት ያገኛል? የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ጥያቄ በቅደም ተከተል መመርመር ነው።

ወደ ጥያቄው የመራን በዕረፍት ወራት ጥርባ ሳለን ያየነው ጉዳይ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ዕድሜያቸው ወደ 70 የተጠጋ ሲሆን ጡረታቸውን ለመቀበልና የባለቤታቸውን መድኃኒት ለመግዛት ወደ እንጅባራ ይመላለሳሉ። ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው መኪና ሊገዙላቸው ተስማሙ። ይሁን እንጂ አንዱ ስለ ሞተሩ፣ ሌላው ስለ መልኩ፣ ሦስተኛው ነገ ሲሸጥ ስለሚያወጣው ዋጋ ሲከራከሩ ሰነበቱ እንጂ አባታቸውን በአንድ መኪና ላይ እንኳ አስቀምጦ ያየ አልነበረም።

ይህ ነገር በአዊ ምድር ሲሆን ያስገርማል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚታየውን ግልቢያ የማያውቅ የለም። በፈረስ አገር ያደገ ሰው ለጋላቢው ጎረምሳ የሚሆነው ፈረስ ለሽማግሌ እንደማይሆን አጥብቆ ያውቃል። ለሽማግሌ የሚፈለገው የማይደነብር፣ አካሄዱ የማያንገላታ፣ ሲወጡበትና ሲወርዱበት የማያስቸግር ነው፤ ሰጋር በቅሎ የምትወደደውም ስለዚሁ ነው። እርካቡም በተቀማጩ እግር ልክ ይስተካከላል። እንግዲህ አባቶቻችን ለኮርቻ ያደረጉትን እኛ ለመኪና ወንበር የማናደርግበት ምክንያት የለም።

ሀ. የሰውነት ለውጥ

ዕድሜ ሲገፋ በነጂው ላይ የሚደርሰው ለውጥ በሦስት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው የዐይን ነው። በ60 ዓመት ሰው ዐይን ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዐይን ውስጥ ከሚገባው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ የመጪ መኪና መብራት ከወጋው በኋላም ዐይኑ ወደ ማየት የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። ክረምት ላይ በጉምና በዝናብ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው የመገጣጠሚያ ነው፤ አንገት እንደ ቀድሞው አይዞርም፣ ጉልበትና ወገብ አይታጠፍም። ሦስተኛው የፍጥነት ነው፤ አይቶ፣ ወስኖ፣ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ይረዝማል። በሌላ በኩል ግን የብዙ ዓመት ልምድ ያለው አዛውንት አይቸኩልም፣ አይሽቀዳደምም፤ ስለዚህ ጉድለቱን ብቻ መቍጠር ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

ለ. የመኪናው መለኪያ

ከዚህ ለውጥ ተነሥተን የመኪናውን መለኪያ ማውጣት እንችላለን። ወንበሩ ከተቀማጩ ዳሌ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት፤ ይኸውም ሰውዬው ወደ ታች ሳይወድቅ፣ ወደ ላይም ሳይንጠላጠል ዞር ብሎ የሚቀመጥበት ማለት ነው። ሲቀመጥ ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ከወጣ መኪናዪቱ ዝቅ ያለች ናት። በሩ ሰፊ፣ የፊት ምሰሶው ቀጭን፣ ስፖኪዮው ትልቅ ቢሆን ይመረጣል። ወደ ኋላ የሚያሳይ ካሜራ አንገቱ ለማይዞር ሰው ታላቅ እርዳታ ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አውቶማቲክ ማርሽ ያስፈልገዋል። ሆኖም 40 ዓመት በእጅ ማርሽ የነዳ ሰው ወደ አውቶማቲክ ሲዛወር ግራ እግሩ የለመደውን ፍሪሲዮን ፍለጋ ፍሬኑን ሊረግጥ ይችላልና፣ በሜዳ ላይ ሳይለማመድ ወደ ገበያ መንገድ መውጣት አይገባውም።

ሐ. የዋጋውና የሕጉ ነገር

አዲስ መኪና በርካሽ ማግኘት በአገራችን ከፋብሪካው ዋጋ ይልቅ በቀረጥና በታክስ የተወሰነ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሞተሩ ከ1,300 ሲ.ሲ. በማይበልጥ አዲስ መኪና ላይ 5 በመቶ ሲጥል፣ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገለ ባለ ትልቅ ሞተር መኪና ላይ ግን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። ቀድሞ አሮጌ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ማስመጣት የድኻ መንገድ ነበረ፤ አዋጁ ይህን መንገድ አጠበበው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከኤክሳይዝ ታክስ ነጻ ሆነው፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት ቀረጡ 15 በመቶ፣ ለከፊል ተገጣጣሚዎች 5 በመቶ እንዲሆን፣ በአገር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ለሚገጣጠሙት ደግሞ እንዲቀር ተወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተገለጸ። ገዢ የሆነ ሁሉ ውል ከመፈረሙ በፊት በዚያው ሰሞን የሚሠራበትን የቀረጥ ልክ እንዲጠይቅ እንመክራለን።

መ. ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ?

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ፣ ተጨማሪ አየር መጫኛ የሌለው የቤንዚን ሞተር ኃይሉን ሩብ ያህል ያጣል። ሱዙኪ ዲዛየርን የመሰለች ባለ 1,197 ሲ.ሲ. መኪና አራት ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ ነጂው ማርሹን ደጋግሞ መለወጥ ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማያቃጥል በከፍታ ምክንያት አይደክምም፤ ፍሪሲዮንም የለውም። በዚህ በኩል ለአዛውንት የተሠራ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ሌላውንም ወገን ማየት ይገባል። ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለው ትንሽ የቻይና መኪና ርዝመቷ 3.8 ሜትር ያህል ሲሆን፣ አነስተኛው ባትሪዋ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 5 ወይም 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል፤ ይህንንም ከተራ የቤት ሶኬት ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መሙላት ይቻላል። ስለዚህ ለእንጅባራ ምልልስ መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ እንኳ የሚያሰጋ አይደለም። ከእንጅባራ አዲስ አበባ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉም የዓባይ በረሃ ቍልቍለትና ዳገት አለ። ይህን መንገድ በትንሽ ባትሪ ማሰብ አይገባም። ቮልስዋገን አይዲ 4ን የመሰለች መኪና ወንበሯ ከፍ ያለ፣ ባትሪዋም ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ሰፊና ከባድ ከመሆኗም በላይ የጡረተኛ ቤተ ሰብ የሚችላት አይደለችም። ከዚህም ሌላ ከቻይና በሚመጡ ብዙ መኪናዎች ላይ የመቈጣጠሪያው ጽሑፍ በቻይንኛ ነው፤ ብዙውም ነገር በመስተዋቱ ላይ በጣት የሚነካ ስለ ሆነ ነጂው ዐይኑን ከመንገድ ላይ ያነሣል። ድምፅ ስለሌላትም ጋሪ የሚጐትተው ፈረስና እግረኛው መምጣቷን አያውቁም። የሚጠግናትንም መካኒክ በቅርብ ማግኘት ገና አስቸጋሪ ነው።

ሠ. ማጠቃለያ

ከላይ የተናገርነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመራል፤ ይኸውም መለኪያው የሚጀመረው ከነጂው ነው። በመጀመሪያ ሰውዬው የሚሄድበትን መንገድና ርቀት ይጻፍ። ቀጥሎ ሐኪም ዐይኑን ይይለት። ከዚያ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት መኪናዎች ላይ ራሱ ይቀመጥ፤ አምስት ጊዜ ይውጣ፣ አምስት ጊዜ ይውረድ። ዋጋ የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለሰውነቱ የማትስማማ መኪና በግማሽ ዋጋ ብትገኝ እንኳ ከጓሮ ቆማ የምትቀር ስለ ሆነ ውድ ናት።

መምህሩን በዚሁ ዓይነት ከሚያውቋቸው ሰዎች መኪናዎች ላይ አስቀምጠን አየን። በመጀመሪያዪቱ፣ ልጆቹ ሁሉ በወደዷት ዝቅተኛ መኪና ላይ፣ ለመቀመጥ አልተቸገሩም፤ ለመነሣት ግን ሁለት ሰው እጃቸውን ሳበ። በሁለተኛዪቱ፣ አጠር ብላ ጣሪያዋ ከፍ ባለች ትንሽ መኪና ላይ፣ ያለ ረዳት ወጡ፣ ወረዱ። ልጆቹም ክርክሩን ተዉ። አባትየውም በበኩላቸው ከመሸ በኋላ እንደማይነዱ፣ ሐኪም በቃ ባላቸውም ቀን ቍልፉን ለልጃቸው እንደሚሰጡ በሁሉ ፊት ቃል ገቡ። ማንም ሳያስገድዳቸው ይህን መናገራቸው ከመኪናዪቱ ምርጫ ይልቅ አስደነቀን።

ጥናታችን በአንድ አካባቢ የተወሰነ ነው። አንባብያን በየአገራቸው ያዩትን ጨምረው ቢያርሙን በደስታ እንቀበላለን።