ሳንሱር ነው ወይስ እርማት? ከግድግዳ ጋዜጣችን የተነሣ ጥያቄ

በዚህ እትም ስለ ሳንሱር እንድንጽፍ ያስገደደን አንድ ከግድግዳ ላይ የተነቀለ ወረቀት ነው።

እዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 ውስጥ፣ ማታ ማታ የምናስተምርባት አንዲት የኪራይ ክፍል አለችን። ተማሪዎቻችን በየአሥራ አምስት ቀኑ ግድግዳዋ ላይ ጋዜጣ ይለጥፋሉ። ጋዜጣ ይባል እንጂ ከደብተር የተቀደዱ ስድስት ሰባት ወረቀቶች ናቸው፤ ግጥም፣ እንቆቅልሽ፣ የኳስ ወሬ፣ አንዳንዴም ቁም ነገር። አንድ ሰሞን አንድ ተማሪ፣ ለእርዳታ የስም ዝርዝር የሚይዝ አንድ ሰው ገንዘብ እየተቀበለ ስም ያስገባል የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። የሰውየውን ስም ከነአባቱ ጽፎታል። ልጁን ስንጠይቀው በዓይኑ ያየው ነገር የለም፤ ከሁለት ሰዎች ሰምቶ ነው። እኛ መምህራኑ ተደናገጥንና ማታውኑ ወረቀቱን ነቅለን ወሰድነው። ለልጁም አልነገርነውም።

በነጋታው ተማሪዎቹ ባዶውን ቦታ አዩ። አንዷ ተነሥታ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ሳንሱር አይደለም ወይ? የሸሸነው ከዚህ አይደል እንዴ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። «ወደ ትምህርታችን እንመለስ» ብለን አለፍነው። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ያኔ ልንሰጣት ይገባን የነበረው፣ የዘገየ መልስ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን እዚህ በለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።)

ሳንሱር የሚለው ቃል፣ እንደ ካርቲየ ሁሉ፣ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። በጥብቅ ትርጉሙ ጽሑፍ፣ ዘፈን ወይም ፊልም ሕዝብ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ባለሥልጣን አይቶት ይለፍ፣ ይቆረጥ ወይም ይከልከል የሚልበት አሠራር ነው። በሕግ አማርኛ «ቅድመ ምርመራ» ይባላል። በአገራችን ነገሩ ከአንድ መንግሥት ጋር የመጣና ከአንድ መንግሥት ጋር የሄደ አይደለም። የ1955ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጽሑፍ ነፃነትን በሕግ መሠረት ፈቅዶ ነበር። መጽሐፍ ግን ያለ ሳንሱር አይታተምም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» እንኳ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው የታገደው።

ጽሑፍ ብቻም አይደለም የሚፈራው። በየካቲት 1937 አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ እሱ ካስያዛቸውና እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ይገኙበታል። ማሲንቆ የያዘ ሰው ጠመንጃ ከያዘው እኩል አስፈራቸው ማለት ነው። ወረቀት የለው፣ ማተሚያ የለው፤ ሳንሱር የሚያደርጉበት ማኅተም ስላላገኙ ሰውየውን ራሱን አጠፉት።

የበዓሉ ግርማ ታሪክ ግን ከሁሉም በላይ ትምህርት ይሰጣል፤ ስለዚህ ጥቂት እንቆይበት። በዓሉ ጋዜጠኛ ነበረ፤ አዲስ ዘመንንና ሌሎች ጋዜጦችንና መጽሔቶችን በአዘጋጅነት መርቷል። በደርግ ጊዜ ደግሞ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከመሆን ደረሰ። ልብ በሉ፣ ሳንሱር የሚያደርገው መሥሪያ ቤት ይኸው ሚኒስቴር ነው። ሰውየው የሳንሱሩን በር ከውስጥ የሚያውቅ ነበር። በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ሄዶ ያየውን ይዞ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። በ1983 ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አሳተመው። መጽሐፉ በድብቅ የተባዛ በራሪ ወረቀት አልነበረም፤ በሕጋዊው መንገድ ታትሞ፣ በሕጋዊው መንገድ ለገበያ የቀረበ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተለቀመ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1984 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም፤ እስከ ዛሬም መቃብሩ አልታወቀም። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ ተነበበ፤ በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ።

ይህን የምናነሣው ለሐዘን ብቻ አይደለም። ሰው ብዙ ጊዜ «ሳንሱር ቢኖርም ቢያንስ ወሰኑን ታውቀዋለህ፤ ካለፈልህ አለፈልህ» ይላል። በዓሉ ላይ የሆነው ይህን አባባል ውሸት ያደርገዋል። ከላይ ያለው ሰው ከተቆጣ ያለፈውም እንዳላለፈ ይቆጠራል። ለምን ተከለከለ ብለህ የምትጠይቅበት፣ ይግባኝ የምትልበት ቦታም የለም። እንዲህ ባለ አገር ጸሐፊው ማኅተም እስኪመታበት አይጠብቅም፤ ገና ብዕሩን ሲያነሣ በልቡ ይሰርዛል። ይሄ ነው ራስን ሳንሱር ማድረግ የሚባለው፤ ሠራተኛም ደመወዝም የማይፈልግ ሳንሱር ነው።

በ1992 የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ወጣና ቅድመ ምርመራ ቀረ። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው ይላል። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ዳሩ ግን ማኅተሙ ቢቀር ማተሚያ ቤቱ አለ። ጋዜጦቹ በአብዛኛው የሚታተሙት የመንግሥት በሆነው ብርሃንና ሰላም ነው። በ2012 ማተሚያ ቤቱ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም ለማለት የሚያስችለውን ውል አዘጋጅቶ አሳታሚዎችን ፈርሙ አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ «ፍትሕ» ጋዜጣ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕመም የጻፈበት እትም፣ 30,000 ቅጂ፣ ሳይሰራጭ ቀረ። ሳንሱር ክፍል የሚባል ቢሮ በሌለበት አገር ማለት ነው። የ2009ኙ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ደግሞ ከታተመ በኋላ በሚመጣው ቅጣት አስፈራራ፤ እስክንድር ነጋ በ2012 18 ዓመት ተፈረደበት፤ የተፈታው በ2018 ነው። አዋጁም በ2020 በሌላ ተተክቷል።

ከእኛ መካከል ዩኒቨርስቲ ገብተን ሳንጨርስ የወጣን አለን። በጥቅምት 2016 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ኢሳትና ኦኤምኤን የተባሉትን ከውጭ የሚተላለፉ ጣቢያዎች መመልከት በመመሪያ ተከለከለ። ዶርም ውስጥ ስልክ የያዘ ሁሉ ድምፁን ቀንሶ፣ በሩን ዘግቶ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ሳንሱር የሚናገረውን ሰው ብቻ የሚመለከት ይመስለን ነበር። ለካ ሰሚውንም ይነካል።

ታዲያ ገደብ ሁሉ ሳንሱር ነው? እኛ አይደለም እንላለን፤ ይህን የምንለውም ሩዋንዳን እያሰብን ነው። ከሐምሌ 1993 ጀምሮ አርቲኤልኤም የተባለ ሬዲዮ በሙዚቃና በቀልድ እያዋዛ ጥላቻ አስተላለፈ። በ1994 እልቂቱ ሲጀመር ደግሞ የሚገደሉ ሰዎችን ስም፣ መኖሪያቸውንና የመኪናቸውን ታርጋ ሳይቀር እየጠራ ያስነግር ነበር። አሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 የሬዲዮውን መሥራቾችና የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ጥፋተኛ አድርጎ ፈረደባቸው፤ በ2007 በይግባኝ ቅጣቱ ቢቀነስም ከ30 ዓመት አላነሰም። የጻፈና የተናገረ እንጂ ገጀራ የያዘ አልነበረም ተብሎ አልታለፈም።

እንግዲህ ጥያቄው ገደቡን ማን፣ መቼ፣ በምን ሕግ አደረገው የሚለው ነው። በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን (ኢትዮጵያ በ1993፣ ጅቡቲ በ2002 ተቀብለውታል) በአንቀጽ 19 መመዘኛውን ያስቀምጣል። ገደቡ በሕግ የተጻፈ መሆን አለበት፤ የሌላውን ሰው መብትና ስም፣ ወይም የአገር ደኅንነትን፣ የሕዝብ ሰላምን፣ ጤናንና ሞራልን ለመጠበቅ መሆን አለበት፤ ለዚያም በእርግጥ አስፈላጊ መሆን አለበት። ባለሥልጣን ተቀየመ የሚል ምክንያት እዚያ ውስጥ የለም። እርግጥ «የአገር ደኅንነት» የሚለው ቃል እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ ችግሩ ሁሌ ከዚያ ይጀምራል። የምንኖርበት አገር ሕገ መንግሥት፣ የ1992ቱ፣ በአንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው ሐሳቡን በቃል፣ በብዕርና በሥዕል የመግለጽ መብት አለው ካለ በኋላ፣ ገደቡ ሕግና የሌላውን ሰው ክብር ማክበር እንደሆነ ይናገራል።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ሌላ አለ። በመስከረም 1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 3፣ ፈራሚ አገሮች ስደተኛው ሌላውን አባል አገር በመሣሪያ፣ በጋዜጣ ወይም በሬዲዮ እንዳያጠቃና በአገሮች መካከል ውጥረት እንዳይፈጥር ይከለክላሉ ይላል። በመጀመሪያ ስናነበው ጠመንጃና ጋዜጣ አንድ መስመር ላይ ተቀምጠው ስናይ ገርሞናል። ሲያስቡት ግን አስጠጊው አገር ጎረቤቱን እንዳያስቀይም የሰጋበት ነው፤ ምክንያቱ ይገባናል። የማይገባን፣ አንድ ስደተኛ የደረሰበትን እውነት ሲተርክ የት ላይ «ማጥቃት» እንደሚሆን ነው። ይህ መስመር በግልጽ ስላልተሰመረ እያንዳንዳችን በፍርሃታችን ልክ እናሰምረዋለን።

ወደ ተነቀለው ወረቀት እንመለስ። ያለ ማስረጃ የሰው ስም በሌብነት መጻፍ ክብር መንካት ነው፤ ያ እንዲታረም መጠየቃችን ሳንሱር አይደለም። ማታ ተደብቀን፣ ለልጁ ሳንነግር፣ ምክንያት ሳንሰጥ መንቀላችን ግን ሳንሱር ነው። እንዲያውም አሠራራችን ቁጭ የሚኒስቴሩ ነበር፤ ማኅተም ብቻ ነው የጎደለን። ይህን ለክፍሉ ነገርን፤ ልጁንም ይቅርታ ጠየቅነው። ጽሑፉ ስሙ ወጥቶለት፣ «ለስም ምዝገባ ይከፈላል ወይ?» በሚል ጥያቄ ተመልሶ ተለጠፈ። ከሥሩም መልስ የሚጻፍበት ባዶ ወረቀት አደረግን። እስካሁን አራት ሰዎች ጽፈውበታል፤ ሁለቱ «ውሸት ነው» ነው ያሉት፤ አንዱ አድራሻ የሌለው ስድብ ነው፤ እሱንም ትተነዋል።

ሌላ የቀረን ነገር አለ። አንድ ተማሪ ከአንድ ወር በፊት ስለ ትውልድ ከተማው ጦርነት የጻፈውን አምጥቶልን በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጠነዋል። ማንንም አይሰድብም፣ የሰማውን ሳይሆን ያየውን ነው የጻፈው፣ አማርኛውም ግሩም ነው። ግን ቀበሌው አለበት፣ የአክስቱ ቤት አለበት፣ አክስቱም ገና እዚያው ናቸው። ቀበሌውን አውጣው እንዳንለው፣ ያለ እሱ ታሪኩ ታሪክ አይሆንም ይለናል። ትናንት ማታ ሲወጣ፣ «ቲቸር፣ የኔስ?» አለን። «በሚቀጥለው» አልነው። የሚቀጥለው የሚለጠፈው ሐሙስ ነው።