ነፃ ሶፍትዌርና የመንገድ ስንቁ

ለጉዞ የሚነሣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስንቁን ቋጥሮ ይሄዳል፤ ሌላው በማድርበት ቤት እንጀራ አይጠፋም ብሎ ባዶ እጁን ይነሣል። የነፃ ሶፍትዌር እሽግም እንደዚሁ በሁለት ይከፈላል። ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ መስሎ ለሚታየው አንባቢ ነገሩን በአጭሩ እንግለጽ።

ሊኑክስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑስ ቶርቫልድስ በተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተጀመረ። ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው ስለተፈቀደ፣ በእርሱ ላይ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ኡቡንቱ የተባሉና ሌሎችም ብዙ ሥርዓቶች ተመሠረቱ። የዴቢያንና የኡቡንቱ እሽግ ዴብ፣ የፌዶራው አርፒኤም ይባላል። እነዚህ እሽጎች በአብዛኛው የሚይዙት ፕሮግራሙን ብቻ ነው፤ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ክፍሎች ግን በስም ይዘረዝራሉ። ኢንተርኔት ካለ ኮምፒዩተሩ ራሱ ፈልጎ ያመጣቸዋል፤ ከሌለ ተከላው እዚያው ይቆማል። ከዚህም በላይ የክፍሎቹ ስምና ዕትም ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ አንድ ፕሮግራም የሠራ ሰው ያንኑ ሥራ ደጋግሞ ለማሸግ ይገደዳል።

ይህ ችግር በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ይብስ ይሆናል እንጂ አይቀልም። አንድ የቡሬ መምህር የአማርኛ ፈተና በሊብረኦፊስ ሊያዘጋጅ ፈለገ እንበል። ፕሮግራሙ አንድ እሽግ ነው፤ እንደ አቢሲኒካ ያለው የፊደል ቅርጽ ሌላ ነው፤ በላቲን ቁልፎች ግዕዝ የሚያስጽፈው መሣሪያ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ሆኖም የፊደሉ ቅርጽ ከጎደለ መምህሩ ባዶ ሣጥን ያያል፤ መጻፊያው ከጎደለ ላቲን ብቻ ይጽፋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የጎደለውን ከኢንተርኔት አምጣ የሚል እሽግ ምን ይረባል?

ስንቃቸውን ይዘው የሚጓዙት አፕኢሜጅ፣ ፍላትፓክና ስናፕ ናቸው። አፕኢሜጅ የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር በአንድ ፋይል ይቋጥራል፤ ፍላትፓክ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩትን መሠረት አስቀድሞ ይተክላል። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ አንድ ጊዜ የታሸገው በብዙ ሥርዓቶች ላይ ይሠራል። ግን ሸክማቸው ከባድ ነው። በውስጣቸው ካለው ክፍል በአንዱ የደኅንነት ጉድለት ቢገኝ፣ ያን ክፍል የያዘ እሽግ ሁሉ እንደገና መታደስ አለበት። ደግሞም እሽጉ ከቀረው ሥርዓት ተለይቶ ስለሚሠራ፣ አንዳንድ ጊዜ የአማርኛውን መጻፊያ አያገኘውም፤ በሌላው ፕሮግራም የሚጻፈው ፊደል በዚህኛው እምቢ ይላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዴቢያን ብዙ እሽጎችን የያዙ የዲቪዲ ቅጂዎችን ያወጣል፤ ፍላትፓክም ፕሮግራሞችን ከነመሠረታቸው ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ ያስችላል። ስለዚህ ለክረምት ወደ ጎጃም የሚሳፈር ተማሪ አንድ ዲስክ ሞልቶ ለትምህርት ቤቱ ሊያደርስ ይችላል። የቋንቋ ተማሪም ከአጠገቡ ሥራ አያጣም፤ እሽጉን ተክሎ «ሏ»ንና «ኳ»ን መጻፉን መፈተን፣ ጉድለቱን ለአሻጊዎቹ በጽሑፍ ማስታወቅ፣ የአተካከሉን መመሪያ በአማርኛ ማዘጋጀት የእርሱ ድርሻ ነው።

የሶፍትዌሩ ፈቃድ ለሁሉም እኩል ነፃ ነው። የገጠሩ መምህር በነፃነቱ የሚጠቀመው ግን ሶፍትዌሩ ከነሙሉ አካሉ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስለት ነው።